የቲቸር ዳንጊሶ ዓርብ

የቲቸር ዳንጊሶን መሞት የሰማሁት በትምህርት ቤታችን የመምህራን ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ነው። ግሩፑ በአብዛኛው የሚያገለግለው ስብሰባ መኖሩን ለማሳወቅ፣ ቀጥሎም ስብሰባው መሰረዙን ለማሳወቅ ነው። ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ግን አንዱ ባልደረባችን «ዳንጊሶ የአይሲቲው ትናንት አረፈ፤ ኩላሊቱን ሲታመም ቆይቶ ነበር» ብሎ ጻፈ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ግሩፑ በሻማ ምስል ተጥለቀለቀ። ሻማ ከላኩት መካከል ሰውየው እዚህ እያለ ሰላምታውን የማይመልሱለት ሦስት ሰዎች ቆጥሬያለሁ።

ከሁሉም ረጅሙን የጻፉት የቀድሞው ርዕሰ መምህራችን ናቸው። «የቴክኖሎጂ አባት፣ የእውነት ሰው፣ ለሌሎች የቀለጠ ሻማ» ይላል ጽሑፋቸው። ይህን የቀለጠ ሻማ ከከተማ አውጥተው መብራት ወደማይደርስበት ትምህርት ቤት ያዛወሩት ራሳቸው ናቸው። ምናልባት ሻማነቱን ያኔውኑ አስበውለት ይሆናል። የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው ይባላል፤ የዳንጊሶ አንገት በአንድ ጠዋት ከታቦር ተራራ በላይ ሆነ።

እኔም ሰው ነኝና አንድ ሻማ ላክሁ። ከዚያ ስልኬን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ክፍል ገባሁ፤ የጻፍኩትን እኩልታ ሁለት ጊዜ አጥፍቼ እንደገና ጻፍኩት። ልጆቹ ታመሻል ወይ ሲሉኝ ጠመኔው ነው አልኳቸው።

የማስተምረው ሂሳብ ነው። ዳንጊሶና እኔ በመምህራን ክፍል ውስጥ አንዲት እግሯ የተወላገደ ጠረጴዛ ለስድስት ዓመት ተጋርተናል። በዕድሜ በስምንት ዓመት ይበልጠኝ ነበር፤ «አንተ በይኝ አስቱ፤ እርስዎ ስትይኝ ጡረታዬ ይታየኛል» ያለኝ ራሱ ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ነጭ ጋውኑ ከጉልበቱ በላይ የሚቀርበት ሰው ነበር። ሌላው ሰው አንገቱ ላይ መታወቂያ ሲያንጠለጥል እሱ ፍላሽ ዲስክ በክር ያንጠለጥላል። ሲናደድ አይጮህም፤ በአፍ መፍቻ ቋንቋው በሲዳሙ አፎ ከአንድ እስከ አሥር ይቆጥራል። ሃያ ድረስ ሲቆጥር የሰማሁት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሱም የመምህራን ስብሰባ ላይ ነበር።

የኮምፒውተር ላብራቶሪ ተብሎ የተሰጠው ክፍል ቀድሞ የስፖርት ዕቃ ማስቀመጫ ነበር፤ አሁንም ግድግዳው የኳስ ሽታ አለው። አሥራ አንድ ኮምፒውተሮች አሉ። ስምንቱ ይሠራሉ፤ ሦስቱ ለጎብኚ ናቸው። የዘጠነኛ ክፍልን ልጆች ለሁለት ከፍሎ አራት አራቱን አንድ ማሽን ላይ ያስቀምጣቸዋል። አንዱ ይጽፋል፣ ሁለቱ ያያሉ፣ አራተኛው አንገቱን እያስረዘመ ስፖርት ይሠራል። መሥሪያ ቤቶቻችን ይህንን «ዲጂታል ትውልድ ማፍራት» ብለው ሪፖርት ያደርጉታል።

መጀመሪያ ቀን ግን ዳንጊሶ ኮምፒውተሮቹን አያስነካም። ልጆቹን ሜዳ ያወጣቸውና «እኔ ባጃጅ ነኝ፤ እስከ ቧንቧው ድረስ ንዱኝ» ይላቸዋል። ባጃጁ የሚያውቃቸው ትእዛዞች አራት ናቸው፦ ሂድ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ፣ ወራጅ አለ። ከእነዚህ ውጭ የሚነገረውን አይሰማም። የሀዋሳ ልጅ ደግሞ መንገድ ሲያሳይ «ዝቅ ብለህ፣ ትንሽ ከፍ ብለህ፣ እዚያ ጋ» ነው የሚለው። አንድ ዓመት አንዱ ክፍል «ሂድ» ብሎ ለቀቀውና ሰውዬው በቀጥታ ወደ ርዕሰ መምህሩ የጽጌረዳ መደብ አመራ። ልጆቹ «ቁም! ቲቸር ቁም!» ይጮሃሉ፤ ቁም የሚባል ትእዛዝ ባጃጁ አያውቅም። ሁለት ጽጌረዳ ረግጦ አጥሩ ሥር ሊደርስ ሲል ነው አንዷ ልጅ «ወራጅ አለ!» ያለችው። ርዕሰ መምህሩ በመስኮት እያዩ ነበር። ዳንጊሶ ጋውኑ ላይ የተሰካውን እሾህ እየነቀለ ወደ ልጆቹ ዞረና «ጽጌረዳውን የረገጠው ማነው?» አላቸው። «አንተ!» አሉት። «አይደለም፤ የረገጣችሁት እናንተ ናችሁ። እኔ የታዘዝኩትን ነው የሠራሁት» አለ። ይህን የመሰለ የትምህርት ዘዴ በየትኛውም ሥልጠና ላይ አልተሰጠንም፤ እኛ የሠለጠንነው ዕቅዱን በሦስት ቀለም እንድንጽፍ ነው።

ዓርብ ዓርብ ደግሞ ምስክርነት አለ። ዳንጊሶ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነው፤ እሁድ እሁድ ምእመኑ እየተነሳ ጌታ ያደረገለትን ሲመሰክር እየሰማ ነው ያደገው። ይህንን ልማድ አምጥቶ ኮምፒውተር ክፍል ውስጥ ተከለው። እሱ ጋ የሚመሰከረው ግን ተአምር አይደለም፤ ስህተት ነው። ተማሪው በሳምንቱ ካጠፋው አንዱን መርጦ ይነሳል፤ ስሙን ይናገራል፤ «ስህተቱ የእኔ ነው» ይላል፤ የትኛው መስመር ላይ እንዳጠፋና እንዴት እንዳገኘው ያስረዳል፤ ክፍሉ ያጨበጭብለታል፤ ይቀመጣል። ሁለት ነገር ክልክል ነው። አንዱ «ኮምፒውተሩ እምቢ አለኝ» ማለት ነው። ሌላው የሌላ ሰው ጥፋት ማንሳት። ጎረቤትህ ቁልፍ ቢነካብህም፣ ወንበሩን ለቀህለት የሄድከው አንተ ነህ።

እንግዲህ አስቡት። ባንክ ብትሄዱ ጥፋተኛው ሲስተም በሆነበት፣ ቀበሌ ብትሄዱ ጥፋተኛው ኔትዎርክ በሆነበት፣ ስሙ የሚታወቅ ሰው ተሳስቶ በማያውቅበት አገር፣ ይኼ ሰው የአሥራ አምስት ዓመት ልጆችን «ስህተቱ የእኔ ነው» ማለት ያለማምዳል። ልጆቹን ሥራ እንዳያገኙ እያደረጋቸው ነው እያልኩ እቀልድበት ነበር።

የእኔ ክፍልና የእሱ ላብራቶሪ የሚለያዩት በኮምፔንሳቶ ነው፤ ስለዚህ የዓርብ ምስክርነት ሳልፈልግ ሁሉ ይደርሰኛል። መጀመሪያ ላይ ልጆቹ ከጭብጨባው በፊት «አሜን!» ይሉ ነበር፤ ሙስሊሞቹም «አሚን» እያሉ ያግዙ ነበር። ሁለት ወር በሰላም ከሄደ በኋላ አንዲት እናት ነጠላዋን አጣፍታ መጣች። «ኮምፒውተር ተማር ብዬ የላክሁትን ልጅ ጴንጤ አድርጋችሁ ልትመልሱልኝ ነው?» አለች። ዳንጊሶ በትሕትና «እናቴ፣ የጌታን ስም አላነሳንም፤ ያነሳነው ነጠላ ሰረዝ ነው» አላት። ርዕሰ መምህሩ አሜንን በደብዳቤ ከለከሉ። ጭብጨባው ግን ቀጠለ።

በዚያ ኮምፔንሳቶ በኩል ከሰማኋቸው ምስክርነቶች አንዱ የሐያት ነው። ሐያት ሸምሱ መናኸሪያ አካባቢ የፕላስቲክ ዕቃ የሚሸጡት የአቶ ሸምሱ ልጅ ናት፤ እኔ የክፍል ኃላፊ በሆንኩበት ዘጠነኛ ክፍል ትማር ነበር። ድምፅዋ ቀጭን ነው፤ ዝም ካለች ግን መኖሯም አይታወቅም። «ሐያት እባላለሁ። ስህተቱ የእኔ ነው። ሁለትና ሦስት ደምር ብዬ አዘዝኩት፤ ሃያ ሦስት አለኝ። ቁጥሮቹን እንደ ጽሑፍ አድርጌ ሰጥቼው ስለነበር አልደመራቸውም፤ ጎን ለጎን ነው ያስቀመጣቸው» አለች። ተጨበጨበላት። ዳንጊሶ ከዚያ በኋላ ለአንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ስለዚሁ አወራ። ማሽን ቁጥር መሆኑ ካልተነገረው አሥር ማለትን የሚያየው እንደ ቃል ነው እያለ ሰሌዳውን ሲደበድብ የእኔም ግድግዳ ይነቃነቅ ነበር።

አሁን ወደ ሮስተር ልምጣ። መምህር ያልሆነ ሰው ሮስተር ምን እንደሆነ አያውቅምና ልንገራችሁ፤ የአንድ ክፍል ተማሪዎች ሁሉ የአሥራ አንድ ትምህርት ውጤት ተደምሮ፣ ደረጃ ወጥቶለት የሚጻፍበት ትልቅ ወረቀት ነው። ስልሳ አንድ ልጅ በአሥራ አንድ ትምህርት በእጅ ሲደመር ሁለት ቀንና አንድ የራስ ምታት ይፈጃል። ዳንጊሶ የእኔን ማቃሰት ሰልችቶት ደረጃ የሚያወጣ ፕሮግራም ጻፈልን። ውጤቱን ታስገባለህ፣ አንድ ቁልፍ ትጫናለህ፣ ከአንደኛ እስከ ስልሳ አንደኛ ተሰልፎ ይመጣል። በመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት እንከን አልተገኘበትም። ርዕሰ መምህሩ ፕሮግራሙን «ትምህርት ቤታችን ያበለጸገው» ብለው ለበላይ አሳወቁ፤ የበለጸገበትን ክፍል እንኳ ገብተው አይተውት አያውቁም።

የበላይ መሥሪያ ቤቱ በጣም ተደሰተ። ፕሮግራሙ ለሌሎች ትምህርት ቤቶች በሞዴልነት እንዲሰጥ ተወሰነ፤ ለሽልማት ደግሞ ሃያ አዳዲስ ኮምፒውተሮች በዓመቱ መጨረሻ በወላጆች ቀን ለትምህርት ቤታችን ሊበረከቱ ሆነ። ዳንጊሶ ይህን የሰማ ቀን ደብተር አውጥቶ የክፍሉን ንድፍ ሳለ። የትኛው ጠረጴዛ ላይ የትኛው ልጅ እንደሚቀመጥ በስም ጻፈ። «ሁለት ልጅ ለአንድ ማሽን አስቱ! አንዱ ሲጽፍ አንዱ ብቻ ይጠብቃል» ይለኛል። ንድፉን በየሳምንቱ እየሰረዘ ያሻሽለዋል፤ አጭር ልጅ ፊት፣ ዓይኑ የደከመ መስኮት ሥር፣ የሚጣሉት ተራርቀው። ለማግባት የተዘጋጀ ሰው እንኳ እንዲያ ሲሆን አላየሁም።

በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ፕሮግራሙ ደረጃውን አወጣ፤ እኔ ደግሞ እንደ ክፍል ኃላፊነቴ ስልሳ አንዱን ካርድ ፈረምኩ። የፈረምኩት ቆሎ እየበላሁ፣ ከባዮሎጂዋ መምህርት ጋር ስለ ቤት ኪራይ እያወራሁ ነው። ኮምፒውተር የሠራውን ማን ይፈትሻል? ረቡዕ ካርዶቹ ታደሉ፤ የወላጆች ቀን ቅዳሜ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ሐያት ጠረጴዛዬ ጋ መጣች። «ቲቸር፣ ደረጃዬ ልክ አይመስለኝም» አለች። ካርዷን ዘረጋችልኝ። ስልሳ አንደኛ ይላል፤ ከስልሳ አንድ። እኔም የሂሳብ መምህርቷ፣ ድምሩን እንኳ ሳላይ፣ «ከኮምፒውተር ጋር ልትከራከሪ ነው እንዴ?» አልኳት። ከዚህ በኋላ ያልኩትንም ልንገራችሁ፤ «ደረጃ ሲወርድ ነው የማይታመነው» አልኳት። አላለቀሰችም። ካርዷን አጣጥፋ ወደ ላብራቶሪው ሄደች።

እዚያ የሆነውን ዳንጊሶ ነው የነገረኝ። ልጅቷ ተሳስተሃል አላለችውም። «ኮዱን ላየው?» ነው ያለችው። አጠገቡ ተቀምጣ መስመር በመስመር አነበበች፤ አርባ ሦስተኛው መስመር ላይ ጣቷን አሳረፈች። «ቲቸር፣ ይኼ የኔ ስህተት ነው» አለችው፤ ያ ሁለትና ሦስትን ሃያ ሦስት ያደረገው ማለቷ ነው። ዳንጊሶ ድምሮቹን ወደ ቁጥር ሳይለውጥ በጽሑፍነታቸው ነበር ያሰለፋቸው። ስም በፊደል ተራ ሲሰለፍ መጀመሪያ የሚታየው የመጀመሪያው ፊደል ነው፤ ማሽኑም እንደዚያው የመጀመሪያዋን ምልክት እያየ ዘጠኝን ከላይ፣ አንድን ከታች አደረገ። የሐያት ድምር አንድ ሺህ አሥራ ሁለት ነበር። ከእሷ የሚቀጥለው ልጅ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ ሰባት። ማሽኑ የሺዋን መጀመሪያ አንድ አይቶ ልጅቷን ከሁሉም ሥር ጣላት። እኛ ነጥብ የምንሰጠው በሻይ ማንኪያ ስለሆነ ከዚያ በፊት ሺህ የተሻገረ ልጅ አልነበረም፤ ስለዚህ ስህተቱ አልታወቀም። በትምህርት ቤቱ ታሪክ ከሁሉም የበለጠች ልጅ በመብለጧ ምክንያት መጨረሻ ሆነች። ይህ ደግሞ የማሽን ጠባይ ብቻ መሆኑን እጠራጠራለሁ።

ዳንጊሶ በሲዳሙ አፎ አሥር ድረስ ቆጠረና ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ሄደ፤ እኔም የክፍል ኃላፊ ነኝና ተከተልኩ። ርዕሰ መምህሩ ለአፍታም አልደነገጡም። «ቀላል ነው። ካርዷን በእስክሪብቶ አስተካክሉላት። አንደኛ የተባለው ልጅ ሽልማቱ ተጠቅልሏል፤ ቤተሰቡም ተጋብዟል። እሱ አንደኛ ሀ፣ እሷ አንደኛ ለ» አሉ።

«ቅዳሜ በማይክ መታረም አለበት» አለ ዳንጊሶ።

«ዳንጊሶ፣ ኮምፒውተሮቹ ነገ ከሰዓት ይገባሉ። ፕሮግራሙ ልክ ነው ተብሎ ነው የሚሰጡት። ሰኞ ቢሮ ድረስ ሄደህ በጽሑፍ አሳውቅ፣ ማን ከለከለህ? ቅዳሜ ግን ዝም በል። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም።»

እውነት ለመናገር ርዕሰ መምህሩ ያሉት ሞኝነት አልነበረም። እኔም ስንወጣ ያንኑ ደገምኩለት። «ሰኞ ተናገር። ልጅቷ ካርዷ ይስተካከልላታል፣ አንተም ኮምፒውተርህን ታገኛለህ። ማን ይጎዳል?» አልኩት። ደረጃው ላይ ቆሞ ፍላሽ ዲስኩን በጣቶቹ እያገላበጠ ቆየ። «ዘጠነኞች ሁሉ አዳራሹ ውስጥ ናቸው። ሐያት ለጓደኞቿ ነግራቸዋለች፤ ሁሉም ያውቃሉ። ዓመቱን ሙሉ እያስነሳሁ ስህተቱ የእኔ ነው አስባልኳቸው። እኔ ተራዬ ሲደርስ ሰኞ በጽሑፍ ልል ነው?» አለኝ። ከዚያ ድምፁ ተሰበረና «አስቱ፣ ኮምፒውተሮቹን እኮ እፈልጋቸዋለሁ» አለ። እንዲያ ሲለምን ሰምቼው አላውቅም፤ የሚለምነው ግን እኔን አልነበረም።

ቅዳሜ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ሃያዎቹ ካርቶኖች መድረኩ ላይ ተደርድረው ሪባን ታስሮላቸዋል። አንደኛ የተባለው ልጅ ሽልማቱን ታቅፎ ፊት ተቀምጧል። ከበላይ መሥሪያ ቤት የመጡት ኃላፊ አርባ ደቂቃ ተናገሩ፤ ቴክኖሎጂ አያዳላም፣ ቴክኖሎጂ አይሳሳትም አሉ። እኔ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነበርኩ። ከዚያ ዳንጊሶ የምስክር ወረቀት እንዲቀበል ተጠራ። ወረቀቱን ተቀበለ፤ ጎንበስ ብሎ አመሰገነ፤ ማይኩን ግን አልመለሰም።

«ዳንጊሶ እባላለሁ። ስህተቱ የእኔ ነው» አለ። «መስመር አርባ ሦስት ላይ ድምሩን ወደ ቁጥር ሳልለውጥ አሰለፍኩት። በዚህ ምክንያት አንደኛ የወጣችውን ተማሪ መጨረሻ አደረግኋት። ያሳየችኝም ራሷ ናት፤ ሐያት ሸምሱ። ሌሎቻችሁ ሁሉ ካርዳችሁ ላይ ካለው አንድ ዝቅ ትላላችሁ።»

ዘጠነኛ ክፍሎች በአንድነት አጨበጨቡ። ልማድ ነው፤ ሰው ስህተቱን ሲናገር ይጨበጨባል። ሽልማቱን የታቀፈው ልጅ ራሱ ዕቃውን ጭኑ ላይ አስቀምጦ አጨበጨበ። ወላጆች ደስ የሚል ነገር የተነገረ መስሏቸው ተከተሉ። ኃላፊውም ፈገግ ብለው አጨበጨቡ፤ አጠገባቸው ያለው ሰው በጆሯቸው እስኪነግራቸው ድረስ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች የሚባለው ይኼ ነው።

ጭብጨባው ሲበርድ ከኋላ አቶ ሸምሱ ተነሱ። ልጃቸው ስልሳ አንደኛ ወጣች ተብሎ ከሱቃቸው የመጡ ሰው ናቸው። «ታዲያ ልጄ ስንተኛ ናት?» አሉ።

«አንደኛ ናት፣ አቶ ሸምሱ።»

«እሺ» ብለው ተቀመጡ። ከዚያ ኮታቸውን አወለቁና ፊታቸውን ጠረጉበት።

ኃላፊው ግን ፈገግታቸው ጠፍቶ ነበር። «ካርድ ላይ የፈረመ መምህር የለም? ያየ ሰው የለም?» ብለው አዳራሹን ቃኙ። ፊርማው የእኔ ነው። ሰማያዊ እስክሪብቶ፣ በትልቁ የተጻፈ «አስ»። ዳንጊሶ ከመድረኩ ላይ አየኝ። እኔ ጎንበስ ብዬ ከወንበሩ ሥር ቦርሳዬን መፈለግ ጀመርኩ፤ ቦርሳውን አግኝቼ በጎን በር ለመውጣት። ገና እጄ ማንገቻው ላይ ሳይደርስ የዳንጊሶን ድምፅ ሰማሁ። «የፈረመው ሰው ፕሮግራሙን አምኖ ነው። እመኑት ያልኩት እኔ ነኝ» አለና ማይኩን አስቀምጦ ወረደ።

ሪባኑ አልተቆረጠም። ኃላፊው «ጉዳዩ ጥናት ይፈልጋል» ብለው ሄዱ። ማክሰኞ አንድ አይሱዙ መጥቶ ካርቶኖቹን «ለጊዜው» ጫነ፤ ጊዜው እስከ ዛሬ አላለቀም። የጫኑት ጫኞች ካርቶኑን ገልብጠው ሲወረውሩት ዳንጊሶ ሮጦ ሄደና ቀስቱ ወደ ላይ መሆን አለበት እያለ ሃያውንም ራሱ አስተካክሎ አስጫነ። ርዕሰ መምህሩ በረንዳ ላይ ቆመው «በቅሎ ገመዷን ብትበጥስ በራሷ አሳጠረች» አሉ። ክረምቱ ሲያልቅ የዝውውር ደብዳቤው ደረሰው፤ «ለሥራው ቅልጥፍና ሲባል» ይላል። እንግዲህ ኮምፒውተር የሚያስተምር ሰው መብራት ወደሌለበት ሲሄድ ሥራው መቀላጠፉ አይቀርም። በሚቀጥለው ዓመት እኔ «አርአያ መምህርት» ተብዬ ተሸለምኩ፤ የምስክር ወረቀቱ ላይ «ውጤት በጥንቃቄ በመያዝ» የሚል አለበት። ፍሬም አሠርቼ ሰቅዬዋለሁ። ሳሎን ነው ያለው።

ዳንጊሶ ከዚያ በኋላ ለበዓል ይደውልልኝ ነበር። እዚያ ትምህርት ቤት ያለ ኮምፒውተር ባጃጅ እየሆነ እንደሚያስተምር ይነግረኛል፤ ይስቃል። ስለዚያ ቅዳሜ አንድም ቀን አላነሳብኝም። እኔም አላነሳሁም። ስልኩን ስዘጋ ግን ሁልጊዜ አፍር ነበር፤ ያ ሁሉ ፌዜ ደግሞ ለዚያ ሰዓት አይጠቅመኝም።

ሐሙስ ለቅሶ ሄድኩ። ቤቱ ከከተማ ወጣ ብሎ ነው። ድንኳኑ ውስጥ መዝሙር ይዘመራል፤ ሐያት ከቀድሞ ክፍሏ ልጆች ጋር ሆና ውኃ ታድላለች፤ አሁን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። የቀድሞው ርዕሰ መምህራችን ፊት ለፊት ተቀምጠው ስለ እውነት ሰውነቱ እያወሩ ነበር። እሳቸውን አልፌ ከባለቤቱ ከዓለሚቱ አጠገብ ተቀመጥኩ። ከዚያ በፊት የተገናኘነው አንድ ሁለቴ ነው። አተኩራ አየችኝ።

«አንቺ አስቴር ነሽ? የሂሳቧ?»

«አዎ። እግዚአብሔር ያጽናሽ።»

«ስላንቺ ብዙ ያወራ ነበር» አለች፤ እጄን ያዘችኝ። «ያን የወላጆች ቀን ሲያነሳ ሁሌ ስምሽን ይጠራል። ‹አስቱ ልትነሳ ነበር፤ ከወንበሯ ብድግ ልትል ጎንበስ ስትል አየኋት፤ ሁለታችንም ከምንጠፋ ብዬ ቶሎ ተናገርኩ እንጂ ትመሰክር ነበር› ይል ነበር። ደፋር ናት ይልሽ ነበር።»

አዎ ማለት ይቀል ነበር፤ ለቅሶ ቤት ውስጥ ሙግት ምን ይሠራል?

«አልነበረም» አልኳት። «ልነሳ አልነበረም። ወንበሩ ሥር ያለውን ቦርሳዬን ነበር የምፈልገው። ልወጣ ነበር።»

ዓለሚቱ እጄን አልለቀቀችም። በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ጠረገች፤ ድንኳኑን ቀና ብላ አየች።

«እሱ እኮ እስኪሞት እንደዚያ ነው ያመነው» አለች። «አሁን ማን ይነግረዋል?»